ቮልሴን መልሰው ለሰጡኝ መካኒክ ምስጋና፣ ለቮልስ ወዳጆችም ጥቆማ

ይህን ጽሑፍ የምጽፈው በመጀመሪያ ለማመስገን፣ ቀጥሎም አሮጌ ቮልስ ዋገን ያላችሁ ወይም ለመግዛት የምታስቡ ሰዎች እኔ ባለፍኩበት መከራ እንዳታልፉ ለመጠቆም ነው። መኪናዬ እ.ኤ.አ. የ1969 ሞዴል ቮልስ ስትሆን፣ ከአራት ዓመት በላይ ከቆመች በኋላ ዳግመኛ የየዕለት መኪናዬ ከሆነች ስምንት ወር ሞላት። ጠዋት ልጄን ትምህርት ቤት አደርስባታለሁ፣ ከዚያ ወደ ሥራ እሄድባታለሁ፣ ማታም ይዛኝ ትመለሳለች። በእነዚህ ስምንት ወራት ውስጥ መንገድ ላይ ያቆመችኝ አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ያንንም በገዛ እጄ አስተካክዬ ጉዞዬን ቀጥያለሁ። ይህ ሁሉ የአንድ ሰው ሥራ ነው።

ቮልሷን የገዛኋት ሥራ በጀመርኩ በሦስተኛው ዓመት ሲሆን፣ አባቴ «ሞተሩን ከኋላ፣ ሻንጣውን ከፊት ያደረገ ሰው ምን አስቦ ነው?» እያለ ይስቅብኝ ነበር። እኔን የሳበኝ ግን የልጅነት ትዝታ ነው። አጎቴ ተመሳሳይ መኪና ነበረው፤ ከኋላ ወንበሩ ጀርባ ባለችው ትንሽ የዕቃ ማስቀመጫ ጉድጓድ ውስጥ እጥፍጥፍ ብዬ ስተኛ፣ ሞተሩ ከራስጌዬ እየተንደቀደቀ እንቅልፍ ይዞኝ ይሄድ ነበር። በእኔዋ ቮልስ ዘጠኝ ዓመት ነዳሁ። ልጄ ስትወለድ አዲስ መኪና ገዛሁና ቮልሷን ሸራ አልብሼ አቆምኳት። አዲሷ መኪና ምቹና ዝምተኛ ስለነበረች ክፉ አልናገርባትም፤ ነገር ግን የማስጠንቀቂያ መብራት በበራ ቁጥር መሣሪያ ይሰካል፣ ቁጥር ይነበባል፣ አንድ ዕቃ ይለወጣል፣ ከሳምንት በኋላም ያው መብራት ተመልሶ ይበራል፤ ምን እንደተበላሸ በሰው ቋንቋ የሚነግረኝ ግን አልነበረም። በመጨረሻ ሁለት መኪና ማቆየት ሲከብደኝ የሸጥኩት አዲሷን ነው። ዘመዶቼ ስሕተቴን ሊነግሩኝ ተራ ይዘው ነበር፤ በቀጣዮቹ ሰባት ወራት ደግሞ እውነታቸውን መስሎኝ ቆየ።

ቮልሷ ከሸራዋ ስትወጣ ሞተሯ በቀላሉ ተነሣ። ችግሩ የሚጀምረው ሃያ ደቂቃ ያህል ከተነዳች በኋላ ነው፤ ትግላለች፣ የተቃጠለ ዘይት ትሸታለች፣ ዳገት ላይ ደግሞ ጉልበቷ ይከዳታል። መጀመሪያ የወሰድኩበት ጋራዥ ያለው ሰው ምንም ሳይከፍት «ሞተሩ አብቅቶለታል፣ ሌላ ፈልጊ» አለኝ። በምን እንዳወቀ ስጠይቀው «በልምድ» ብሎ ወደ ሌላ ደንበኛ ዞረ። ሁለተኛዎቹ «ሞተሩ ታፍኗል፣ መተንፈስ አለበት» ብለው ዙሪያውን ያሉትን ላሜራዎችና ጎሚኒዎች አወላልቀው ጣሉ፤ የኋላ ክዳኗንም እንዳይዘጋ በቁራጭ እንጨት ደግፈው ሸኙኝ። ያንን እንጨት እንደ መድኃኒት ተሸክሜ ሁለት ቀን ነዳሁ፣ በሦስተኛው ቀን ከበፊቱ የባሰ ጋለች። ሦስተኛዎቹ ሁለት ወር አቆዩብኝ። በየሳምንቱ ስሄድ መልሱ «ነገ» ነው። ካርቡሬተሯን እንደለወጡ ነገሩኝና አሮጌውን እንዲያሳዩኝ ስጠይቅ ተሳሳቁ፤ አንደኛውም «እህቴ፣ ለሴት የምትሆን፣ ማርሽ የማታስለውጥ መኪና ብትገዢ ይሻልሽ ነበር» አለኝ። የእነዚህን ሰዎች ስም አላነሳም፣ ቤታቸውንም አልጠቁምም፤ ለጠብ የሚሆን ጊዜም የለኝም። መኪናዬን ሳወጣ ባትሪዋ ሞቶ፣ አንዱ የቸርኬ ክዳን ጠፍቶ ነበር። ያን ቀን ተሽከርካሪ ላይ አስጭኜ ቤት ሳስመልሳት፣ ማልቀሴን ጎረቤት እንዳያየኝ በጓሮ በር ገባሁ።

አሁን የማመሰግናቸውን መካኒክ የጠቆመችኝ የሥራ ባልደረባዬ ናት። በራቸው ላይ ምንም የተጻፈ ነገር የሌለ፣ ሁለት መኪና ብቻ የሚይዝ ቤት ነው። ዕድሜያቸው ከስድሳ አለፍ ይላል። ሦስት ቦታ ተመትቼ የሄድኩ ስለነበርኩ ገና ሳልወርድ ክርክሬን አዘጋጅቼ ነበር፤ እሳቸው ግን በርጩማ አቅርበውልኝ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው የሆነውን ሁሉ አስተረኩኝ፣ አንድም ጊዜ አላቋረጡኝም። ስጨርስ የጠየቁኝ ስለ ሞተሩ አልነበረም።

«ልጄ፣ ከኋላ የሚቀመጥ ሰው አለ?»

«ሴት ልጄ ናት ጋሼ፤ በቀኝ በኩል ነው የምትወደው» አልኳቸው።

ወዲያውኑ በሩን ከፍተው የኋላ ወንበሩን መቀመጫ ብድግ አደረጉት። በቮልስ ባትሪው ያለው እዚያ፣ ከቀኙ መቀመጫ በታች ነው። ከባትሪው ላይ መሸፈኛው የለም። ከዚያ መቀመጫውን ገልብጠው አሳዩኝ፤ ከስር የሽቦ ሞላዎቹ ይታያሉ፣ ከሞላዎቹ በላይ ባለው ቃጫ መሳይ መሙያ ላይ ደግሞ ሁለት የሳንቲም ስፋት ያላቸው ጥቁር የተቃጠሉ ነጥቦች ነበሩ። «ከበድ ያለ ሰው ሲቀመጥ ወይም መኪናዋ ስትነጥር ሽቦው ወርዶ የባትሪውን ጫፍ ይነካዋል። እስካሁን የነካው ለቅጽበት ብቻ ነው» አሉኝ። ከዚያ በላይ አላብራሩም፣ ማብራሪያም አላስፈለገኝም፤ ትንሽ ቢቆይ ኖሮ ወንበሩ ልጄ እንደተቀመጠችበት በእሳት ሊያያዝ ይችል ነበር፤ ጉልበቴ ከድቶኝ በርጩማው ላይ ተመልሼ ተቀመጥኩ። መሸፈኛው መቼና የት እንደጠፋ እስከ ዛሬ አላውቅም። ሞተሯን የነካኩት ሁለቱ ጋራዦች ባትሪውን ነክተዋል፣ ወንበሩን አንሥተዋል፣ መልሰውም ከድነዋል።

እሳቸው ከመደርደሪያ ወፍራም ጎማ አወጡ፣ በባትሪው ልክ ቆረጡት፣ ጠርዙ እንዲታጠፍ አድርገው በማሰሪያ አሰሩት። መቀመጫውን መለሱና ራሳቸው ገብተው ተቀመጡበት፤ ያ ሁሉ ሰውነታቸው እያለ እንደ ሕፃን ሦስት ጊዜ ነጠሩበት። ከዚያ ወርደው መቀመጫውን እንደገና አነሡና ጎማው ላይ የሽቦ ምልክት እንዳለና እንደሌለ በእጃቸው ዳሰሱት። ይህን ሁሉ ከጨረሱ በኋላ ነው እጃቸውን ጠርገው «እንግዲህ አሁን ስለ ሞተሩ እናውራ» ያሉኝ። በኋላ ሒሳብ ስንተሳሰብ ይህን ሥራ አልቆጠሩትም፤ ስጠይቃቸውም «እሱ ሥራ አይደለም» ብለው ወሬውን ለወጡ። ጽሑፌን ሌላው ቢሰለቸው ይህችን ብቻ ያንብብልኝ፤ ቮልስ ያላችሁ ሁሉ ዛሬውኑ የኋላ ወንበራችሁን አንሥታችሁ እዩ።

ሞተሯን በዚያ ቀን ሊነኳት አልፈለጉም። የቫልቭ ክፍተት የሚለካው ሞተሩ ፍጹም ሲቀዘቅዝ ስለሆነ መኪናዋ እሳቸው ዘንድ አድራ በማግሥቱ በማለዳ እንድመጣ ነገሩኝ፣ ሥራውንም ዓይኔ እያየ ሠሩት። የሠሩትን ሁሉ ልዘርዝር ብል እዋሻለሁ፤ ከሲሊንደሮቹ ሦስተኛው ከሌሎቹ ይበልጥ እንደሚሞቅና የእሱ ቫልቭ በተለይ መታየት እንዳለበት ሲያስረዱኝ ግማሹ ከጭንቅላቴ በላይ አልፏል። የገባኝ ዋናው ነገር ግን ይህ ነው። ይህ ሞተር ውኃ የለውም፣ የሚቀዘቅዘው በአየር ነው። ማራገቢያው ቀዝቃዛ አየር ከላይ ይስባል፣ በሲሊንደሮቹ ላይ ይነፋል፣ የጋለው አየር በታች ይወጣል። እነዚያ ተወልቀው የተጣሉት ላሜራዎችና ጎሚኒዎች የላዩን ከታቹ የሚለዩ ግድግዳዎች ነበሩ። እነሱ ሲነሡ የጋለው አየር ዞሮ ወደ ላይ ይመጣና ማራገቢያው እሱኑ መልሶ ይስበዋል። «ብርድ ልብስ ተከናንበሽ የራስሽን ትንፋሽ መልሰሽ እንደመተንፈስ ነው» አሉኝ። እንዲተነፍስ ተብሎ የተደረገው ነገር ነበር ያፈነው።

ላሜራዎቹን ከራሳቸው ክምችት ፈልገው አገኙ፣ ጎሚኒዎቹን አዲስ አስመጡ። የአሮጌ መኪና ዕቃ አይገኝም እያላችሁ የምትፈሩ ካላችሁ፣ ቮልስን በዚህ አትጠርጥሯት፤ የመጨረሻዋ ሜክሲኮ ውስጥ ከፋብሪካ የወጣችው እ.ኤ.አ. በ2003 ሲሆን በጠቅላላው ከ21 ሚሊዮን በላይ ተሠርታለች፣ ስለዚህ ዕቃዋ ዛሬም ይመረታል። «አብቅቶለታል» የተባለው ሞተር ያው ራሱ ሞተር ነው። አልተለወጠም። ዛሬ ጠዋትም ይዞኝ መጥቷል።

መኪናዬን ልወስድ ስሄድ ቁልፉን ከመስጠታቸው በፊት የማራገቢያዋን ቺንጋ እንዴት እንደሚቀየር መማር እንዳለብኝ ነገሩኝ። በቮልስ ዲናሞውና ማራገቢያው በአንድ ዘንግ ላይ ስለሆኑ ቺንጋው ሲበጠስ ባትሪው መሙላቱን ብቻ ሳይሆን ሞተሩም መቀዝቀዙን ያቆማል፤ ስለዚህ ቀይዋ መብራት ከበራች «ቤት እስክደርስ» የሚባል ነገር የለም። ቺንጋው የሚጠመጠምበት ጎማ መሳይ ብረት፣ ፑሊው፣ ለሁለት የሚከፈል ነው። ካቻቢቴውን በጥርሱ ላይ አስደግፌ እንዳይዞር እይዛለሁ፣ በ21 ቁልፍ ብሎኑን እፈታለሁ፣ በሁለቱ ግማሾች መካከል የተደረደሩትን ቀጫጭን ቀለበቶች ሳልጥል አወጣለሁ፤ ቺንጋው ከላላ አንድ ቀለበት ከመካከል አውጥቼ በውጭ በኩል አደርጋለሁ፣ ከጠበቀም በተቃራኒው። ሦስት ጊዜ አስፈቱኝ፣ ሦስት ጊዜ አስገጠሙኝ። በሁለተኛው አንዷ ቀለበት ከእጄ አምልጣ ሞተሩ ስር ስትገባ ረዳታቸው ሊያነሣልኝ ሲል «ተዋት፣ መንገድ ላይ አንተ የለህም» ብለው ከለከሉት። ተንበርክኬ አወጣኋት። በዚያ ቤት ማንም ስለ ሴት መኪና አላወራልኝም፤ ጥፍሬ ስር የገባው ጥቁር ቅባት ግን አራት ቀን አልወጣ ብሎኝ በስብሰባ ላይ እጄን ስደብቅ ከርሜያለሁ።

በአምስተኛው ወር፣ ልጄን ይዤ ወደ ቤት ስመለስ ቀይዋ መብራት በራች። ወዲያውኑ ዳር ይዤ ሞተሩን አጠፋሁ። ቺንጋው ተበጥሶ ከታች ወድቋል፤ እሳቸው በትርፍነት የሰጡኝ ፊት ለፊት ባለው ሻንጣ ውስጥ ነበር። ልጄ የእጅ መብራት ያዘችልኝ። ሁለት ሰዎች መኪናቸውን አቁመው ሊረዱኝ ወርደው ነበር፣ ግን ሲደርሱ ብሎኑን እያጠበቅኩ ነበርና ቆመው አይተው ሄዱ። ለጋሼ ደውዬ ስነግራቸው መጀመሪያ የጠየቁኝ «በአውራ ጣት ስትጫኚው ምን ያህል ይወርዳል?» ብለው ነው። ስነግራቸው «ደኅና ነው፣ ንጂ» አሉኝ፣ ስልኩም ተዘጋ።

ወደ አሮጌ መኪና ለመመለስ የምታስቡ ሰዎች ማወቅ ያለባችሁን አልደብቅም። 40 ያህል የፈረስ ጉልበት ይዛ ዳገት ላይ ከኋላዋ ሰልፍ ታበዛለች፣ ፍሬኗ ርቀት ይፈልጋል፣ ድምፅዋ ወሬ አያስወራም። የዘይት ማጣሪያ ስለሌላት 2.5 ሊትሩን ዘይት በየ5,000 ኪሎ ሜትሩ መለወጥ ግዴታ ነው። የፊት መስታወት የሚያጥበውን ውኃ የምትረጨው በመለዋወጫ ጎማው ነፋስ ነው፤ ይህንን እንኳ ያስረዱኝ እሳቸው ናቸው፣ ከጎማው የሚመጣው ቱቦ ተቆርጦ ተደፍኖ ስለነበር እስከዚያ ድረስ ሥራው ምን እንደሆነ አላውቅም ነበር። ለኋላ ወንበሩም የደኅንነት ቀበቶ አስገጥሜያለሁ። ልጄ እኔ በልጅነቴ የተኛሁባት ጉድጓድ ውስጥ ካልገባሁ እያለች ታስቸግረኛለች፤ አልፈቅድላትም፣ ሞተሩ ጠፍቶ ቤት ደጃፍ ስንቆም ግን አምስት ደቂቃ ትገባባታለች።

ጋሼ፣ ስልክዎን ከመደወል ያለፈ ነገር እንደማይወዱ ስላወቅኩ ይህን ጽሑፍ ረዳትዎ ያነብልዎታል ብዬ አምናለሁ። እግዚአብሔር ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ፤ ለዚያች ቁራጭ ጎማ ምን እንደምል እስከ ዛሬ አላወቅኩም።

ስማቸውንና ስልካቸውን በአደባባይ እንድጽፍ ስላልፈቀዱልኝ በውስጥ መስመር ለሚጠይቀኝ ሁሉ እሰጣለሁ። ቮልስ ያላችሁ፣ የደከማችሁ፣ «አብቅቶለታል» የተባላችሁ፣ እባካችሁ መኪናችሁን ከመሸጣችሁ በፊት አንድ ጊዜ ያሳዩአቸው፤ ደግሜ እላለሁ፣ አንድ ጊዜ ያሳዩአቸው። በአንድ ቀን ከሁለት መኪና በላይ ስለማይቀበሉ ቀድማችሁ ደውሉ። ከምሽቱ ወስዳችሁ እዚያው አሳድሯት፣ ጠዋት ሞተሯ ቀዝቅዞ እንዲያገኟት።