የራሴን ፓምፕ ቀለም ቀብተው ለራሴ ሸጡልኝ

ይህን የምጽፈው ቅዳሜ ማታ ነው። ጉዱን ያወቅኩት ዛሬ ከሰዓት ነው። ንዴቴ ገና አልበረደም፣ ሐሳቤ ቢዘበራረቅ ይቅርታ አድርጉልኝ። ዛሬ ካልጻፍኩት ግን ነገ «በቃ ይሁን» ብዬ እንደምተወው ራሴን አውቃለሁ።

መኪናዬ የ2000 ሞዴል ኮሮላ ናት። በእቁብ ብር ነው የገዛኋት። ከሦስት ሳምንት በፊት መሪዋ ማላዘን ጀመረ። ጠዋት ሞተር ሳስነሳ ውውው ይላል። ለመታጠፍ ወይም ለማቆም መሪውን ስጠመዝዝ ይብስበታል። ቀጥ ብዬ ስነዳ ይቀንሳል። ፓወር ስቲሪንግ ያለው፣ ማለትም ፓምፕ በሚገፋው ዘይት መሪው የሚቀልለት መኪና የያዘ ሰው ድምፁን ያውቀዋል። ልጆቼን ትምህርት ቤት ሳወርድ ዘበኛው ሳይቀር ዞር ብሎ ያየኝ ነበር።

የሥራ ባልደረባዬ አንድ ጋራዥ ጠቆመኝ። ስሙንም ቦታውንም አልጠቅስም። ዓይነቱን ግን ታውቁታላችሁ። ግቢው ግማሽ በተፈቱ መኪኖች የሞላ፣ አለቃው ጥላ ሥር ተቀምጦ ስልክ የሚያወራበት፣ ገና ከመኪና ሳትወርዱ አንድ ልጅ ሮጦ መጥቶ «ማዘር፣ ምን ነበር?» የሚልበት።

ልጁ ኮፈኑን ከፈተ። መሪውን አንዴ ወደ ግራ፣ አንዴ ወደ ቀኝ አዞረ። የዘይቱን ክዳን አልከፈተም። ፓምፑን የሚያዞረውን ቀበቶ፣ ቺንጋውን፣ አልነካም። ይህ ሁሉ የታወሰኝ ዛሬ ነው። ከዚያ አለቃውን ጠራው። አለቃው ጆሮውን ጠጋ አድርጎ ትንሽ ሰማና «ፓምፑ ተበልቷል» አለ። «ማዘር፣ እንዲህ እያለች ከነዳሻት ስካቶላውንም ይዞት ይሄዳል። ያኔ ወጪው ሌላ ነው።»

ስካቶላ የመሪውን መዞር ወደ ጎማ የሚያስተላልፈው ዋናው ዕቃ ነው። ስካቶላ ሲል ደነገጥኩ። እሱም መደንገጤን አየ። ያገለገለ የዱባይ ፓምፕ 14,000 ብር፣ የእጅ 2,000፣ ዘይት 800። በድምሩ 16,800 ብር። «የቻይና በርካሽ ላስገባልሽ እችላለሁ፣ ግን አልመክርሽም» አለኝ። በዚህች «አልመክርሽም» በሚላት ቃል አመንኩት። ለእኔ የሚያስብ ሰው መሰለኝ።

ደረሰኝ ስጠይቅ «በደረሰኝ ከሆነ 15 በመቶ ቫት ይጨመርበታል፣ ለምን ትከፍያለሽ?» አለ። አሰላሁት። 2,520 ብር ነው። ይህን ለማትረፍ ብዬ ደረሰኙን ተውኩት። ገንዘቡን በስልኬ ወደ ሰጡኝ የሂሳብ ቁጥር አስተላለፍኩ። የመጣው ስም የጋራዡም አይደለም፣ የአለቃውም አይደለም። ስሙን አይቼዋለሁ። አይቼ አለፍኩት። እስካሁን የሚያንገበግበኝ ይህ ነው። ማንም አላስገደደኝም።

ከዚያ የተለመደው ነው። «ልጁ ሶማሌ ተራ ደርሶ ዕቃውን እስኪያመጣ ሂጂ ቡናሽን ጠጪ፣ እንደውልልሻለን።» ሄድኩ። አመሻሽ ላይ ደወሉልኝ። ስደርስ ኮፈኑ ተከፍቶ ይጠብቀኛል። ፓምፑ ብርማ ሆኖ ያብረቀርቃል። አለቃው ሞተሩን አስነሳ፣ መሪውን አዞረ። ድምፅ የለም። ደስ አለኝ።

ልጁ ደግሞ በጥቁር ፌስታል ቅባት የጠጣ አሮጌ ፓምፕ ይዞ መጣ። «አሮጌው ይኸው፣ እኛ ጋ የሰው ዕቃ አይቀርም» አለ አለቃው። ይህን ልብ በሉልኝ። ሁላችንም የምንሰማው ምክር «አሮጌውን ዕቃ ተቀበሉ» የሚል አይደል? እኔ ሳልጠይቅ ሰጡኝ። እንዲህ ያለ ሐቀኛ ጋራዥ አገኘሁ ብዬ ለእህቴ ደውዬ ነገርኳት። ለልጁም 200 ብር ጉርሻ ሰጠሁት።

ሦስት ቀን ሰላም ሆነ። በአራተኛው ቀን ጠዋት ያው ድምፅ ተመለሰ። ደወልኩ። «አዲስ የገባ ዕቃ ነው ማዘር፣ እስኪላመድ ነው። ትንሽ ንጂያት፣ ይለቃታል።» ነዳሁ። ባሰበት። እንደገና ስደውል ስልኩ አይነሳም።

ዛሬ ጎረቤቴ እሱ ወደሚያሠራባቸው አንድ አዛውንት መካኒክ ወሰደኝ። ግቢያቸው ውስጥ ብቻቸውን ነው የሚሠሩት። የሆነውን ሁሉ ነገርኳቸው። ምንም ሳይሉ መጀመሪያ የዘይት ማጠራቀሚያዋን ክዳን ከፈቱ። ሞተሩ እየሠራ ነው። «ነይ እይ ልጄ» አሉኝ። ቀዩ ዘይት ቀይ አይደለም። ወደ ሮዝ ነጣ ብሎ እንደ ሳሙና ውሃ አረፋ ሞልቶታል። ሞተሩን አጥፊ አሉኝ። ሳጠፋው የዘይቱ ከፍታ ዓይናችን እያየ ወደ ላይ ወጣ። «ደህና ከሆነ ከ5 ሚሊ ሜትር በላይ አይነሳም። ይሄ አየር ነው። የሚጮኸው ዘይትና አየር አብሮ እየተፈጨ ነው» አሉ።

አየሩ ከየት እንደገባም አሳዩኝ። ከማጠራቀሚያዋ ወደ ፓምፑ የምትሄደው ቱቦ በሙቀት ብዛት ደርቃለች። አፏን የሚያስረው የብረት ቀለበት፣ ፋሼታው፣ ልል ነው፣ በጣታቸው ሲያዞሩት ይዞራል። በዚያ በኩል ፓምፑ ስለሚስብ ዘይት ወደ ውጭ አይንጠባጠብም። አየር ነው ወደ ውስጥ የሚገባው። ለዚህ ነው መሬት ላይ አንድም ጠብታ ያላየሁት። ጋራዦቹ ዘይት ሲቀይሩ አየሩ ወጣ፣ ሦስት ቀን ዝም አለ። ፋሼታው ግን እንደላላ ነው፣ መልሶ አየር ሳበ።

እስከዚህ ድረስ «ሳይመረምሩ ያልተበላሸ ዕቃ ቀየሩብኝ» ብዬ ነበር የተናደድኩት። እሱ ራሱ በቂ ነበር።

አዛውንቱ ጨርቅ በቤንዚን ነክረው ፓምፑን ጠረግ ጠረግ አደረጉት። ብርማው ቀለም ጨርቁ ላይ ቀረ። ጎንበስ ብለው ከሥር በኩል አዩ። እንደገና ጠረጉት። ከዚያ ቀና ሳይሉ ፓምፑ የሚታሰርበትን ጆሮ እያሳዩ «ይሄን ጆሮ ማን ነው በአርጎን የበየደው?» አሉ።

እኔም እንደ ዋዛ «እኔ ነኝ ያስበየድኩት፣ ከሁለት ዓመት በፊት ተሰንጥቆ ነበር» አልኩ።

ቃሉ ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው የገባኝ። እሳቸው ቀና ብለው አዩኝ። ጎረቤቴም አየኝ። ማንም አልተናገረም። ጎንበስ ብዬ እኔም አየሁት። ያ ወፍራም የብየዳ መስመር፣ በአንድ በኩል እብጥ ያለው፣ እዚያው አለ። ያን ቀን ብየዳውን አጠገቡ ቆሜ ነው ያስጨረስኩት። የእኔ ፓምፕ ነው። ጋራዡ ውስጥ ከመኪናዬ አልወጣም፣ ወይም ወጥቶ ታጥቦ፣ ቀለም ተነፍቶበት ተመልሶ ገብቷል። 14,000 ብር የከፈልኩት ለገዛ ዕቃዬ ነው።

«ፌስታሉ የታለ?» አሉኝ። ከኋላ ኮፈን አወጣሁላቸው። አገላብጠው አዩትና አጠገቡ አስቀመጡት። «ይሄ የኮሮላም አይደለም። ማሰሪያው እንኳ አይገጥምም» አሉ። ማን ያውቃል፣ ለስንት ሰው እንዲህ በፌስታል እየሰጡ ይሆናል። ዓይኔ እንባ ሞላ። ለገንዘቡ ብቻ አይደለም። ያን ፌስታል ስቀበል «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» ማለቴ ትዝ ብሎኝ ነው።

ሥራው ከአንድ ሰዓት ትንሽ ቢበልጥ ነው። አዲስ ቱቦ፣ ሁለት ፋሼታ፣ አንድ ሊትር የአውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይት። የእኔ ኮሮላ ፓወር ስቲሪንግ የሚጠጣው ዴክስሮን የሚባለውን ዓይነት ነው። የፊቱን በክሪክ አንስተው፣ ሞተሩ ጠፍቶ፣ መሪውን ከጥግ እስከ ጥግ እያመላለስኩ ዘይት ሞሉ። አረፋው እስኪያልቅ ደጋገምነው። ከዚያ አስነሳን። ዝም። ከነእጃቸው 1,900 ብር ከፈልኩ። ሲሸኙኝ «መሪውን ጥግ ላይ አድርሰሽ ይዘሽ አትቆዪ፣ ፓምፑን ያስጨንቀዋል» አሉኝ።

ከዚያ ቀጥታ ወደ ጋራዡ ነዳሁ። መንገዱን ሁሉ መሪው ዝም ብሏል። ያ ዝምታ ይበልጥ አናደደኝ።

አለቃው ከወንበሩ አልተነሳም። ብየዳውን አሳየሁት። አላየውም። ስልኩን እየነካካ «ማዘር፣ ደረሰኝ አለሽ?» አለኝ። እሱ ራሱ ደረሰኝ እንዳልወስድ የመከረኝ ሰው። ፌስታሉን ሳወጣ «እኛ የሰጠንሽ ለመሆኑ በምን እናውቃለን?» አለ። ድምፄን ከፍ ሳደርግ ሳቀ። ሠራተኞቹም አብረው ሳቁ። መጨረሻ ላይ «ባለቤትሽ ይምጣና ከሱ ጋር እናወራለን፣ አንቺ መኪና አታውቂም» አለኝ። መኪናዋ የእኔ ናት። ሊብሬው በእኔ ስም ነው። እቁቡን የጣልኩት እኔ ነኝ። ይህን ሁሉ ልነግረው ፈልጌ ነበር፣ ሳግ ያዘኝ።

አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። ያ ፌስታሉን የሰጠኝ ልጅ አልሳቀም። መሬት መሬት ያይ ነበር። ሃያ ዓመት አይሞላውም። ይህን ነው ሙያ ብለው የሚያስተምሩት።

እህቶቼ፣ ወንድሞቼ፣ በአጭሩ፦ መሪያችሁ ማላዘን ከጀመረ ማንም ፓምፕ ከማለቱ በፊት ክዳኑ ይከፈት። ዘይቱ ጎድሏል ወይስ አረፋ አለው፣ ቱቦውና ፋሼታው ደህና ነው ወይ፣ ቺንጋው ላልቷል ወይ ይታይ። ፓምፕም በእርግጥ ይበላል፣ ግን መጨረሻ ላይ ነው የሚጠረጠረው። ዕቃ ይቀየር ከተባለ ከመፈታቱ በፊት በጥፍር ቀለም ምልክት አድርጉበትና ፎቶ አንሱት። ሲፈታ ቁሙ። ቡና አትሂዱ። ደረሰኝ ውሰዱ።

ሰኞ ጠዋት ከሥራ ፈቃድ ወስጄ ወደ ክፍለ ከተማው ንግድ ጽሕፈት ቤት እሄዳለሁ። ደረሰኝ የለኝም። ግን ገንዘቡን ያስተላለፍኩበት መልእክት ስልኬ ላይ አለ። የብየዳውን ፎቶ አንስቻለሁ፣ አዛውንቱም ያዩትን ለመመስከር ፈቅደዋል። የማን እንደሆነ የማላውቀው ፓምፕም ከነፌስታሉ መኪናዬ ውስጥ ነው። እሱንም ይዤው እገባለሁ።