ዕቃ ሳያስገዛ ዋይፋያችንን ላስተካከለልን ልጅ ምስጋና

ጎንደር ፒያሳ ያለው የእናቴ ፔንሲዮን ዋይፋይ ሲያማርረን ከርሟል። አሁን ተስተካክሏል። ያስተካከለልን ልጅ ስሙ በአደባባይ እንዲጠራ ስላልፈለገ ስሙን አልጽፍም። ሥራውን ግን ሳልናገር ማለፍ አልፈልግም። በተለይ ሆቴል፣ ፔንሲዮን ወይም ብዙ ክፍል ያለው ቢሮ ያላችሁ ይህን አንብቡልኝ።

ቤቱ ሦስት ደርብ ነው። በየደርቡ አንድ አክሰስ ፖይንት፣ ማለትም ዋይፋዩን የሚያሰራጭ መሣሪያ አለ። የእንግዳው ስልክ ላይ ሲግናሉ ሙሉ ሆኖ ይታያል፤ ግን ምንም አይከፍትም። ታች ሲጠቀም የነበረ ሰው ክፍሉ ሲገባ ይቆምበታል። ከዚህ በፊት ያየልን አንድ ሻጭ «አቅም አንሷችሁ ነው፣ ሁለት ጨምሩ» ብሎ ዋጋ ነግሮን ነበር። ጥር እየደረሰ ነው። ለከተራና ለጥምቀት ክፍሉ ሁሉ ይሞላል፤ እንግዳው ከፋሲለደስ መዋኛ ሲመለስ ቪዲዮ መላክ ይፈልጋል። እናቴ ብር አዘጋጅታ ልትገዛ ነበር።

ይህ ልጅ መጥቶ ምንም ሳይነካ ስልኩን ይዞ ቤቱን ዞረ። ኮሪደሩን፣ ደረጃውን፣ ክፍሎቹን፣ ግቢውን ሳይቀር። ከዚያ እናቴን ጠርቶ ስልኩን አሳያት። «እማማ፣ እነዚህ አቅም አላነሳቸውም። ሦስቱም ባንድ ላይ እየጮሁ ነው የማይደማመጡት» አላት።

ዋይፋያችን 2.4 እና 5 ጊጋኸርዝ በሚባሉ ሁለት የሞገድ ክልሎች ይሠራል፤ እያንዳንዱም ቻናል በሚባሉ መስመሮች ይከፈላል። እውነትም 2.4 ጊጋኸርዝ ላይ ሦስቱም ቻናል 6 ይዘው፣ የቻናሉ ስፋት 40 ሜጋኸርዝ ተደርጎ ነበር። በዚህ የሞገድ ክልል ሳይደራረቡ አብረው የሚሠሩት ቻናል 1፣ 6 እና 11 ናቸው፤ ያውም ስፋቱ 20 ሲሆን። ስለዚህ ስፋቱን ወደ 20 አወረደና ለየደርቡ አንድ አንድ ቻናል አከፋፈለ። መሣሪያው ራሱ ቻናል እንዲመርጥ የሚያደርገውን «አውቶ» የሚለውንም አጠፋው። ብዙ መሣሪያዎች መብራት ጠፍቶ በመጣ ቁጥር ቻናል እንደገና ይመርጣሉ። መብራት በሚመላለስበት ቤት ዛሬ የተስተካከለው ነገ ይዛባል ማለት ነው።

እኔን የገረመኝ የሚያሰራጩበትን ኃይል መቀነሱ ነው። ሦስቱም መጨረሻ ላይ ነበሩ። 2.4ቱን ከ20 ዲቢኤም (የሲግናል ኃይል መለኪያ ነው) ወደ 14 አወረደው። ሦስት ዲቢ ሲቀነስ ኃይሉ በግማሽ ይወርዳል፤ ስለዚህ 100 ሚሊዋት የነበረው 25 ገደማ ሆነ። እናቴ ደነገጠች። እሱ ግን ታግሶ አስረዳት። አክሰስ ፖይንቱ ድምፁ ሩቅ ይደርሳል፤ የእንግዳው ስልክ ግን ያን ያህል ጉልበት የለውም። ስልኩ ይሰማል፣ መልሱ አይደርስለትም። ሲግናል ሞልቶ የማይከፍተው ለዚህ ነው። በዚያ ላይ የምድር ቤቱ አክሰስ ፖይንት እስከ ላይኛው ደርብ ድረስ ስለሚሰማ፣ ስልኩ አጠገቡ ያለውን ትቶ የታችኛውን ሙጭጭ ይላል። አሁን ደረጃውን ሲወጣ ወደ ቅርቡ ይዛወራል።

5 ጊጋኸርዙን ከ2.4ቱ ትንሽ ከፍ አድርጎ ተወው፤ ስልኮች ፈጣኑን እንዲመርጡ። የኛ ወፍራም ግድግዳና የኮንክሪት ወለል 5 ጊጋን በቀላሉ አያሳልፍም። እሱ ይህንኑ ተጠቀመበት። ምድር ቤቱና ላይኛው ደርብ አንድ ቻናል ይጋራሉ፣ መሃለኛው ሌላ ይዟል፤ አይረባበሹም። መሣሪያው የየትኛውን አገር የሞገድ ደንብ እንደሚከተል የሚወስነው የአገር ምርጫም ሌላ አገር ላይ ነበርና ኢትዮጵያ አደረገው። ብረት ቁም ሳጥን ላይ የተቀመጠውን ደግሞ አውርዶ ኮሪደሩ ጣሪያ ላይ ሰቀለው።

የ1 እና የ2 ሜጋቢት ቀርፋፋ ፍጥነቶችን ሊዘጋ ሲል መጀመሪያ የእንግዳ መቀበያውን አሮጌ ፕሪንተር ፈተነ። እንዲህ ያሉ ፍጥነቶች አየሩን ይዘው ሌላውን ያስጠብቃሉ፤ ግን አንዳንድ አሮጌ ዕቃ ያለ እነሱ አይገናኝም። ፕሪንተሩ ደህና መሥራቱን አይቶ ነው የዘጋው። ይህን የሚያደርግ ባለሙያ ብዙ አላየሁም።

ሲጨርስ ያስተካከለውን ሁሉ በወረቀት ጽፎ፣ የአስተዳዳሪውን ፓስወርድ ጨምሮ ለእናቴ ሰጣት። ቤቱ የናንተ ነው፣ ቁልፉም ከናንተ ጋር ይሁን አለ። የገዛነው የኢንተርኔት ፍጥነት በዚህ እንደማይጨምርም ቀድሞ ነግሮናል። ዋጋውንም ሳይጀምር ተናግሮ፣ በተናገረው ጨርሷል። አዲስ ዕቃ አንድም አልገዛንም።

ወንድሜ፣ እጅህ ይባረክ። እናቴም ስትመርቅህ ነው የምትውለው።

ስልኩን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ ለመስጠት ፈቅዶልኛል። ሌላ ሥራ ስላለው የሚመጣው ከሥራ ሰዓት ውጪና ቅዳሜ ነው። ቶሎ ቶሎ የሚሠራም አይደለም፤ ጊዜ ስጡት። ጥምቀት ሳይደርስ የምትፈልጉ ከአሁኑ ቀጠሮ ያዙ። ስትደውሉም የአክሰስ ፖይንቱን ሞዴል ከጀርባው አንብባችሁ፣ ቤቱ ስንት ደርብ እንደሆነና ግድግዳው በምን እንደተሠራ ንገሩት፤ መጀመሪያ የሚጠይቀው እሱን ነው።