ትልቅ የአይቲ አማካሪ ድርጅት ልግባ ወይ ላላችሁኝ

ከጎንደር ዩኒቨርሲቲ የተመረቁ ልጆች ፒያሳ ቡና ስጠጣ ካገኙኝ ጥያቄያቸው አንድ ነው። «ጋሼ፣ እዚያ ቤት ሥራው እንዴት ነው?» የሌሎች ድርጅቶችን የኮምፒውተር ሥራ በክፍያ ከሚሠሩት፣ በየአገሩ ቢሮ ካላቸው አማካሪዎች አንዱ ጋር ለተወሰኑ ዓመታት ሠርቻለሁ። ስሙን ተዉት። ከአምስት ኮከብ ሦስት እሰጠዋለሁ። ሦስቱም ለተማርኩት ነው፤ ለኑሮው አንድም የለኝም።

መጀመሪያ ይህ ይግባችሁ። የሚሸጠው ሶፍትዌር ሳይሆን የእናንተ ሰዓት ነው። አመሉ ከሒሳብ ሰዎች የመጣ ነው። ከትልልቆቹ አማካሪዎች አንዱ የሆነው የዛሬው አክሰንቸር ሥሩ አርተር አንደርሰን የሚባል የኦዲት ድርጅት ነው። በፈረንጆቹ 1950ዎቹ መጀመሪያ የጄኔራል ኤሌክትሪክን የደመወዝ ስሌት ወደ ኮምፒውተር በማስገባት ነው የኮምፒውተር ማማከር ሥራውን የጀመሩት። የአሁኑን ስም የያዘው በ2001 ነው። ኦዲተር በሰዓት ያስከፍላል፤ እነዚህም በዚያው ቀጠሉ።

ስለዚህ አርብ ከሰዓት ሁሉም አቀርቅሮ ታይምሺት (የሥራ ሰዓት መመዝገቢያ) ይሞላል። ሩብ ሰዓት እንኳ ለየትኛው ፕሮጀክት እንደዋለ ይጻፋል። ጎንደር ሆኜ ስሠራ መብራት ይሄዳል። «ይህን ሰዓት የት ልመዝግበው?» ብዬ ጠየቅሁ። «ለእሱ የመመዝገቢያ ኮድ የለንም» ተባልኩ። በቃ፣ ማታ ቁጭ ብዬ አካካስኩት።

ፕሮጀክት ከሌላችሁ ቤንች ላይ ናችሁ፤ እንደ ተቀያሪ ተጫዋች። ደመወዝ ይገባል። ግን የአለቃችሁ ሰላምታ በየሳምንቱ እየቀዘቀዘ ይሄዳል። ስለዚህ ሰው የማያውቀውን ሥራ ሁሉ «እችላለሁ» ብሎ ይገባበታል። ጨረታው ላይ ሽበታሞቹ ቀርበው ያስረዳሉ፤ ውሉ ሲፈረም ክላየንቱ ዘንድ የሚላከው ጀማሪው ነው። እኔ ራሴ ሥልጠናዬን ሳልጨርስ «ከፍተኛ ባለሙያ» ተብዬ ቀርቤያለሁ። ፊቴን ምን ላድርገው?

ትምህርቱ ግን ወርቅ ነው። አንድ ባንክ የደንበኞቹን መረጃ ከአሮጌው ሲስተም ወደ አዲሱ ሲያዞር እኔ የልደት ቀኑ ላይ ተመደብኩ። አዲሱ ሲስተም የሚያውቀው የፈረንጁን አቆጣጠር ብቻ ነው። 30/02/1975 ሲገባ «ፌብሩዋሪ 30 የሚባል ቀን የለም» ብሎ ይመልሰዋል፤ ለፈረንጁ ሁለተኛው ወር ፌብሩዋሪ ነዋ። የኛ ሁለተኛ ወር ጥቅምት ነው፣ ሠላሳም አለው። ጳጉሜ የተወለደውንማ አሥራ ሦስተኛ ወር የለም ብሎ ጭራሽ አይቀበለውም። ከውጭ የመጣው የቡድን መሪያችን «የተበላሸ መረጃ» ብሎ ሰንጠረዡን ቀይ አደረገው። ጎንደር ቅርንጫፍ ያሉት አንዲት አንጋፋ ሠራተኛ ስልኩን አንስተው ሲሰሙኝ ቆዩና፣ «ልጄ፣ ሰውየው ጳጉሜ ተወልዷል፣ እኔ ምን ላድርገው?» አሉኝ።

ሲስተሙ የመለሰው እንኳ ደግ ነው፤ ይታያል። የሚያስፈራው ዝም ብሎ ያለፈው ነው። 12/05/1975 ማለት ጥር 12፣ የቃና ዘገሊላ ዕለት ነው፤ በፈረንጅ ጃንዋሪ 20፣ 1983። ሲስተሙ ግን ሜይ 12፣ 1975 ብሎ ተቀበለው። ሰውየው ባንክ ውስጥ በአንድ ሌሊት ከሰባት ዓመት ተኩል በላይ አረጀ። ይህን ፈልፍዬ ሳወጣ የተመሰገነው የቡድን መሪው ነበር፤ ስላይዱ ላይ ስሜ የለም። ያም ሆኖ መረጃ ማዞር ምን እንደሆነ የተማርኩት እዚያ ነው፤ ዛሬ እንጀራዬም እሱ ነው።

ሌላው ነገር እንደየቡድኑ ነው። ጥሩ አለቃ ከገጠማችሁ የሥልጠና ክፍያውን ይሸፍናሉ፣ የምስክር ወረቀት ታወጣላችሁ። ክፉ ከገጠማችሁ ቅዳሜም ፓወርፖይንት ነው። ከሕንድ፣ ከፖላንድ ልጆች ጋር መሥራቱን ወድጄዋለሁ፤ ከእነሱ የሥራ ሰነድ አጻጻፍ ተምሬያለሁ። ትዳር ለያዘ ሰው ግን አልመክርም። ትምህርት እንደጨረሰ ለሚገባ ሁለት ሦስት ዓመት ይበቃል።

ከመፈረማችሁ በፊት ሁለት ነገር ጠይቁ። ቤንች ላይ ስሆን ደመወዜ ሙሉ ነው ወይ? ቶሎ ብለቅ የሥልጠናውን ወጪ መልስ የሚል አንቀጽ ውሉ ውስጥ አለ ወይ? ሁለተኛው ብዙ ጊዜ አለ፤ መጨረሻው ገጽ ላይ፣ በትንንሽ ፊደል።