ዴል ኦፕቲፕሌክስ 7050፦ እስከ የት ድረስ ማሻሻል ያዋጣል?

በመሃል አዲስ አበባ ባሉ የኮምፒውተር ጽሕፈት ቤቶች፣ የሒሳብ ሥራ ቢሮዎችና ትናንሽ ማተሚያ ቤቶች ውስጥ ከስክሪን አጠገብ ጋደም ብሎ የሚታየው ቀጭን ጥቁር ዴስክቶፕ ብዙ ጊዜ ዴል ኦፕቲፕሌክስ ነው። ከነዚህም መካከል እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ2017 ለገበያ የቀረበው 7050 የተባለው ሞዴል ውጭ አገር የአንድ መሥሪያ ቤት ሠራተኛ ሆኖ ከኖረ በኋላ እዚህ ተወልውሎ «ዩዝድ» እየተባለ የሚሸጥ ሲሆን፣ የገዛው ሰው ጥቂት ጊዜ ከሠራበት በኋላ የሚያነሳው ጥያቄ ምን ልቀይርለት የሚል ነው። ይህ ግምገማ የሚመለከተው ስሞል ፎርም ፋክተር የሚባለውን ቀጭኑን ዓይነት ብቻ ነው። ፍርዴን አስቀድሜ ልናገር፦ ማሽኑ በእጁ ያለ ሰው ኤስኤስዲ (የሚሽከረከር አካል የሌለው ፈጣን የፋይል ማስቀመጫ) አስገብቶ፣ ራሙን (ማሽኑ እየሠራበት ያለውን ለጊዜው የሚይዝበትን ክፍል) 16 ጊጋባይት አድርሶ እዚያው ላይ ቢያቆም ጥሩ አድርጓል፤ ዛሬ አዲስ የሚገዛ ሰው ግን ይህን ትቶ ስምንተኛ ጄኔሬሽን (ትውልድ) የኢንቴል ፕሮሰሰር፣ ማለትም ስሌቱን የሚሠራ ዋና ቺፕ ያለውን ታናሹን 7060ን ቢፈልግ ይሻለዋል። ለዚህ ፍርድ መነሻ ያደረግሁት መለኪያ አንድ ነው፤ የምንገዛው ዕቃ ይህ ማሽን ሲያረጅ ወደሚቀጥለው ማሽን ተዛውሮ ይሠራል ወይስ ከዚህኛው ጋር አብሮ ይቀበራል?

እኔ የምሠራበት አራት ኪሎ፣ ከብርሃንና ሰላም ማተሚያ ድርጅት ብዙም በማይርቅ ቢሮ ውስጥ ሲሆን ሥራዬ የመጻሕፍት ገጽ ቅንብር ነው። ማሽኑ ሲገዛ ሰባተኛ ጄኔሬሽን የሆነው ኮር አይ ፋይቭ 7500 ፕሮሰሰር፣ 8 ጊጋባይት ራምና በደቂቃ 7200 ጊዜ የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ ነበረው። ፎቶግራፍ የበዛበት መጽሐፍ ተከፍቶ በጎን ብሮውዘር ሲጨመርበት አይጤው ራሱ እየዘገየ ይሄድ ነበር። እዚህ ደረጃ ላይ የደረሰ ሰው በመጀመሪያ የሚያስበው ፕሮሰሰር መቀየርን ነው፤ ሻጩም ቢሆን ሐሳቡን አይጠላውም። ሜክሲኮ አካባቢ፣ አንድ ሕንፃ ሁለተኛ ፎቅ ላይ በምትገኝ ጠባብ ሱቅ ውስጥ የሚሠራ አንድ ወጣት ባለሙያ ግን፣ «ጋሼ፣ ዋጋ ከመንገሬ በፊት ማሽኑን አንቆ የያዘው ምን እንደሆነ ልይልዎት» አለኝና ማሽኑን ሰክቶ የእያንዳንዱን ክፍል ጫና የሚያሳየውን ታስክ ማናጀርን ከፈተ። የዲስኩ መስመር መቶ በመቶ ላይ ተለጥፎ ቀርቷል፤ ራሙ ሊሞላ ጥቂት ነው የቀረው፤ ፕሮሰሰሩ ግን ከሃያ በመቶ ፈቀቅ አላለም። ሁለቱ ችግሮች የተያያዙ ናቸው። ራም ሲሞላ ዊንዶውስ የተረፈውን ሥራ ዲስኩ ላይ ወዳዘጋጀው ፋይል ያሸጋግራል፤ ዲስኩ ደግሞ መደበኛ ሥራው ሳያንሰው ይህን ሲሸከም ሁሉም ነገር ይቆማል። ዋጋ ለመጥራት የማይቸኩል ሻጭ ማግኘት በዚህ ከተማ ቀላል ስላልሆነ ለሱቂቱ የምሰጠው ትልቁ ነጥብ በዚህ ነው።

ሃርድ ዲስክ የሚዘገየው ብዙ ሰው እንደሚገምተው ትልልቅ ፋይል ሲያነብ ሳይሆን ብዙ ትንንሽ ፋይሎችን ሲያስስ ነው። በደቂቃ 7200 ጊዜ የሚዞር ዲስክ አንዱን ዙር ለመጨረስ ከ8 ሚሊሰከንድ በላይ ይፈጅበታል፤ ማንበቢያው ክንድ ቦታውን እስኪያገኝ የሚጠፋው ጊዜ ሲጨመርበት እያንዳንዱ ፍለጋ ከ10 ሚሊሰከንድ ይበልጣል። ኤስኤስዲ የሚዞር አካል የለውምና ይህንኑ ፍለጋ ከአንድ ሚሊሰከንድ ባነሰ ጊዜ ይጨርሳል። ለዚህም ነው በሳታ ገመድ የሚገናኘው ርካሹ ኤስኤስዲ እንኳ የማሽኑን ጠባይ የሚለውጠው። 7050 ላይ ግን ሳታ ላይ መቆም አያስፈልግም፤ ማዘርቦርዱ ኤንቪኤምኢ የተባለውን ከሳታ የፈጠነ የኤስኤስዲ ዓይነት የሚቀበል፣ ኤም ዶት ቱ የሚባል ማስገቢያ አለው። በሳታ መስመር ፍጥነቱ በሰከንድ ከ550 ሜጋባይት ገደማ አያልፍም፤ ኤንቪኤምኢ የሚሠራበት፣ ማሽኑ ያለው የፒሲአይኢ መስመር ሦስተኛ ትውልድ ደግሞ እስከ 3500 ሜጋባይት ድረስ የሚሄዱ ኤስኤስዲዎች የተሠሩለት ነው። አራተኛው ትውልድ ቢገዙለትም በሦስተኛው ፍጥነት ይሠራልና ለእሱ ተጨማሪ ብር መክፈል ትርፉ ለሚቀጥለው ማሽን ብቻ ነው።

ክዳኑን ለመክፈት ጠመንጃ መፍቻ አያስፈልግም። ማንሻውን ስቦ ክዳኑን ማንሳት ነው፤ ውስጥ በእጅ የሚላቀቀው ነገር በሰማያዊ ፕላስቲክ ምልክት ተደርጎበታል። ሃርድ ዲስኩና ሲዲ ማጫወቻው የተቀመጡበት ማቀፊያ ሲነሳ 22 ሚሊሜትር ስፋትና 80 ሚሊሜትር ርዝመት ላለው ኤስኤስዲ የሚበቃው ቦታ ይታያል። ኤስኤስዲውን በጫፉ የምትይዘው ትንሽ ብሎን ያገለገሉ ማሽኖች ላይ ብዙ ጊዜ የለችም፤ ባለሙያው ከመሳቢያው በላስቲክ ከረጢት የተሞሉ ብሎኖች አውጥቶ አንዷን መረጠላት። በዚህ ቦታ አንዳንዱ ጠጋኝ በፕላስተር ለጥፎ እንደሚያልፍ አይቻለሁ፤ ሲሞቅ ይላቀቃል። አሮጌው ሃርድ ዲስክ ወደ ቦታው ተመልሶ የሥራ ቅጂ ማስቀመጫ ሆኗል። ዊንዶውስ ከመጫኑ በፊት ባዮሱ (ማሽኑ ሲነሳ የሚከፈተው መሠረታዊ ማስተካከያ) ውስጥ የሳታ አሠራሩ «ሬይድ» ከሚለው ወደ «ኤኤችሲአይ» መዞሩን ማየት ይገባል፤ ከተጫነ በኋላ ቢዞር ማሽኑ ለመነሳት እምቢ ሊል ይችላል።

ኤስኤስዲ ቶሎ ይሞታል የሚለው ወሬ አሁንም አልጠፋም። እዚህ ገበያ በብዛት የሚታየው ኪንግስተን ኤ400 ባለ 480 ጊጋባይቱ በአምራቹ መግለጫ መሠረት 160 ቴራባይት እስኪጻፍበት ድረስ እንዲቆይ የተሠራ ነው፤ በየቀኑ 20 ጊጋባይት የሚጽፍበት ሰው ይህን ለመጨረስ ከሃያ ዓመት በላይ ይፈጅበታል። ይልቅ የሚያሰጋው ያገለገለውን አዲስ ነው ብሎ መሸጥ ነው። ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ የተባለው ነፃ ፕሮግራም ኤስኤስዲው ስንት ሰዓት እንደሠራና ጤናው ስንት በመቶ እንደሆነ ስለሚያሳይ፣ ብር ከመቁጠር በፊት ሱቁ ውስጥ ማስከፈት ነውር የለውም።

ወደ ራሙ ስንመጣ ማሽኑ ዲዲአር4 ለሚባለው የራም ትውልድ አራት ማስገቢያዎች ስላሉት ለጋስ ነው። ሰባተኛ ጄኔሬሽን ፕሮሰሰር የሚሠራው በ2400 ፍጥነት ስለሆነ 3200 ተብሎ የሚሸጥ ራም ቢገባም ወደ 2400 ይወርዳል፤ ጉዳት የለውም፣ ለፍጥነቱ ብሎ ግን ጭማሪ መክፈል ብክነት ነው። አንድ ባለ 16 ከመግዛት ሁለት ባለ 8 መግዛት ይሻላል፤ ሁለቱ ጥንድ ሆነው ሲሠሩ መረጃ የሚያልፍበት መንገድ እጥፍ ይሆናል፤ ከፕሮሰሰሩ ጋር የተሠራው የግራፊክስ ክፍልም ከዚሁ ራም ስለሚበደር ልዩነቱ በስክሪኑ ላይ ይታያል። 8 የነበረው ሰው ያለው አንድ ባለ 8 ከሆነ ሌላ አንድ ባለ 8 ብቻ ጨምሮ ሥራውን ይጨርሳል። አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ገበያ ውስጥ ከሌላው በጣም ረክሶ የሚቀርበው ዲዲአር4 ከሰርቨር (ለብዙ ተጠቃሚ ከሚያገለግል ትልቅ ኮምፒውተር) የወጣ ሊሆን ይችላል። እሱም 288 እግር አለው፤ ማስገቢያው ውስጥ ልክክ ብሎ ይገባል፤ ማሽኑ ግን አይነሳም። የራም ዋጋም በ2018 ዓ.ም. መግቢያ አካባቢ በዓለም ገበያ መናር ጀምሯል፤ አምራቾቹ ፊታቸውን ወደ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ማዕከላት አዙረዋል፣ ማይክሮንም በኅዳር ወር «ክሩሻል» የተባለውን ለተራ ገዢ የሚሸጥበትን ስም እንደሚተው አስታውቋል። ስለዚህ ያገለገለ ራም መግዛት አያሳፍርም፤ ተሞክሮ ይገዛል እንጂ።

ፕሮሰሰሩ ላይ ያለው ወጥመድ ግን የባሰ ነው። ሰባተኛውም ስምንተኛውም ጄኔሬሽን የሚቀመጡበት ሶኬት ስሙ አንድ ነው፤ ኤልጂኤ 1151 ይባላል። ይህን ያየ ሰው ስድስት ኮር ያለውን አይ ፋይቭ 8500 ገዝቶ 7050 ላይ ማስቀመጥ የሚችል ይመስለዋል። አይችልም። ኢንቴል ለስምንተኛው ጄኔሬሽን የኤሌክትሪክ አሰላለፉን ቀይሮ ባለ 300 ተከታታይ ቺፕሴት (ፕሮሰሰሩን ከሌሎቹ የማዘርቦርድ ክፍሎች ጋር የሚያገናኝ ቺፕ) ይጠይቃል፤ የ7050 ቺፕሴት ደግሞ ኪው 270 ነው። የሚፈቀደው ትልቁ ለውጥ አይ ሰቨን 7700 ሲሆን፣ እሱም ኮሮቹ አራት ሆነው በአንድ ጊዜ ስምንት ሥራ የሚያስተናግድ ነው። ቪዲዮ ለሚያቀነባብር ሰው ጥቅም አለው፤ ለእኔ ዓይነቱ ሥራ ግን ወጪውን አይመልስም፣ ወደሚቀጥለው ማሽንም አይዛወርም።

የግራፊክስ ካርድ ነገር አጭር ነው። ፓወር ሰፕላዩ 180 ዋት ብቻ ነው፤ ቅርጹ የዴል የራሱ ስለሆነ ከገበያ በተገዛ መደበኛ አይተካም፤ ለካርድ የሚሆን ተጨማሪ ገመድም የለውም። ቁመቱ አጭር የሆነና ኃይሉን ከማስገቢያው ብቻ የሚወስድ ካርድ ያስፈልጋል፤ ያለ ሥጋት የሚሄደው 30 ዋት የሚወስደው ጂቲ 1030 ነው። እሱም ሁለት ዓይነት አለው፤ ጂዲዲአር5 የተባለ ፈጣን ሜሞሪ ያለውና ዲዲአር4 ያለው በአንድ ስም ይሸጣሉ፤ ሁለተኛው በጣም ይዘገያል። ጌም ለመጫወት ያሰበ ሰው ይህን ሳጥን ባይነካው ይመረጣል።

ማሽኑን አዲስ ለሚገዛ የማልመክርበት ዋናው ምክንያት ዊንዶውስ ነው። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል፤ ለተመዘገቡ የግል ተጠቃሚዎች የፈቀደው የአንድ ዓመት የደኅንነት ማራዘሚያም ጥቅምት 3 ቀን 2019 ዓ.ም. ያበቃል። ዊንዶውስ 11 ከኢንቴል በኩል የሚቀበለው፣ ከጥቂቶች በስተቀር፣ ከስምንተኛ ጄኔሬሽን ጀምሮ ነው፤ አይ ፋይቭ 7500 ዝርዝሩ ውስጥ የለም። ማለፊያ መንገድ የሚያውቁ ጠጋኞች አሉ፤ የደንበኛ ሰነድ በሚያዝበት ቢሮ ግን አምራቹ የማያውቀውን ጭነት ላይ መተማመን አልወድም። ሊኑክስ ለጽሕፈትና ለኢንተርኔት ይበቃል፤ የገጽ ቅንብር ፕሮግራሙ ኢንዲዛይን ስለማይጫንበት ለእኔ አማራጭ አልሆነም። 7060 የተባለው ተከታዩ ሞዴል ግን ስምንተኛ ጄኔሬሽን ከመሆኑም በላይ ዲዲአር4 እና ኤንቪኤምኢ ይቀበላል፤ ዛሬ ለ7050 የተገዛው ራምና ኤስኤስዲ ነገ ተነቅሎ እሱ ላይ ይገባል ማለት ነው።

ዋጋ በብር አልጻፍኩም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ከተለቀቀና 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ካለፈ ወዲህ፣ ዛሬ የተጻፈ የኮምፒውተር ዕቃ ዋጋ በሚቀጥለው ወር አንባቢን ያሳስታል። የምጠቀምበት ስሌት ይህ ነው፦ የማሻሻያው ጠቅላላ ወጪ ያገለገለ 7060 ከሚሸጥበት ዋጋ ሲሶውን ካለፈ ማሻሻሉን ትቼ ለሚቀጥለው ማሽን አስቀምጣለሁ። ከዚህ ስሌት ውጭ የማደርገው ዩፒኤስን (መብራት ሲጠፋ ማሽኑን በባትሪ የሚያቆየውን መሣሪያ) ብቻ ነው። መብራት በድንገት ሲጠፋ እየተጻፈ ያለ ፋይል መበላሸቱ ኤስኤስዲም ቢሆን አይቀርለትም፤ 180 ዋት ለሚበቃው ማሽን ደግሞ 650 ቪኤ የሆነ፣ ቮልቴጅ የሚያስተካክል ዩፒኤስ ሥራን አስቀምጦ ለመዝጋት የሚበቃ ደቂቃ ይሰጣል። ማሽን ቢቀየርም እሱ ይቆያል።

ሱቂቱን በአንድ ነገር እወቅሳታለሁ። ባለሙያው ሥራውን በንጽሕና ሠርቶ፣ አሮጌዎቹን ክፍሎች በከረጢት አድርጎ መልሶልኛል፤ ደረሰኙ ላይ ግን የተጻፈው «የኮምፒውተር ዕቃ» የሚል ብቻ ነበር። የሦስት ወር ዋስትና አለው ያለኝም በቃል ነው። «ጋሼ፣ እኛ ደንበኛችንን አንረሳም» አለኝ፤ እሱ ባይረሳም ሠራተኛ ይቀየራል፣ እንደ ፒያሳ ሱቆችም ሕንፃው ራሱ ሊነሳ ይችላል። አንዴ ከጠየቅሁት በኋላ የኤስኤስዲውን መለያ ቁጥር፣ የራሙን ዓይነትና የዋስትናውን ጊዜ ሳያጉረመርም በእጁ ጽፎ ማኅተም አደረገበት። ሌሎች ደንበኞችም ሳይጠይቁ ይህን ማግኘት አለባቸው። ወደዚያ የሚሄድ ሰው በማሽኑ ጀርባ የተለጠፈውን ባለ ሰባት ምልክት የአገልግሎት መለያ አስቀድሞ ዴል ድረ ገጽ ላይ ቢያስገባ፣ ማሽኑ ከፋብሪካ ሲወጣ የነበረውን ፕሮሰሰርና ራም ስለሚያገኝ ከሻጩ ጋር የሚነጋገረው በግምት አይሆንም።