ሰኞ ገበያ አጠገብ ያሉት መጽሐፍ ጠራዥ

የእናቴ መጽሐፍ ቅዱስ ጀርባው ከተገነጠለ ቆይቷል። 66 መጻሕፍት ያሉት እትም ነው። በውስጡ የሌሉትን መጽሐፈ ሄኖክንና መጽሐፈ ኩፋሌን ለየብቻ ገዝታ በነጠላዋ ቁራጭ ጠቅልላ ከጎኑ ታስቀምጣቸው ነበር። ሦስቱን በአንድ ጥራዝ ለማሳሰር ባለፈው ጥር ደሴ ሰኞ ገበያ አጠገብ ወዳለች ጠባብ ሱቅ ወሰድኋቸው።

ባለሙያው ሙስሊም አዛውንት ናቸው። መደርደሪያቸው ላይ ጥገና የሚጠብቁ ቁርዓኖችና ዳዊቶች ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። የተፈቱትን እጥፎች አንድ በአንድ ቆጥረው ቀና አሉና፣ «እትዬ፣ እነዚህን ሁለቱን የት ላግባቸው? በቅዱስ መጽሐፍ ላይ በራሴ አላዝም» አሉኝ።

ታሪክ አስተምሬ ጡረታ የወጣሁ ሴት ነኝ፤ ይህን ጥያቄ ሰምቼ ዝም ማለት አይሆንልኝም። «ጋሼ፣ የጥንት ክርስቲያኖችም በዚሁ ጥያቄ ብዙ ዘመን ተጨንቀዋል» አልኋቸው። ብዙ ሰው መጻሕፍቱን ለይቶ የወሰነው እ.ኤ.አ. በ325 የተሰበሰበው የኒቅያ ጉባኤ ይመስለዋል። ጉባኤው በዋናነት የተሰበሰበው ወልድ ፍጡር ነው በሚለው የአርዮስ ትምህርት ምክንያት ነው፤ ካወጣቸው ቀኖናዎች በአንዱም የመጻሕፍት ዝርዝር የለም። ምርጫው በዝግታ የመጣ ነው። ከሐዋርያት የተገኘ ነው? ከተቀበልነው እምነት ጋር ይስማማል? በየአብያተ ክርስቲያናቱ ይነበባል? እያሉ መረመሩ። በ200 ገደማ የአንጾኪያው ጳጳስ ሰራፒዮን የጴጥሮስ ወንጌል የሚባለውን መጽሐፍ በደንብ ሳይመረምር እንዲነበብ ፈቅዶ ነበር፤ በኋላ አንብቦት ፈቃዱን አነሣ። ይህን ጳጳስ እወደዋለሁ፤ ስህተቱን ለማረም አላፈረም። የቤተ ክርስቲያን ታሪክ ጸሐፊው አውሳብዮስ የያዕቆብንና የይሁዳን መልእክታት ከአከራካሪዎቹ ተራ መዝግቧቸዋል። 27ቱን የአዲስ ኪዳን መጻሕፍት ዛሬ እንደምናውቃቸው የዘረዘረው የእስክንድርያው አትናቴዎስ ነው፤ በ367 በጻፈው የፋሲካ መልእክት። ለእኛ አባ ሰላማን ጳጳስ አድርጎ የሾመልን እርሱ ነው። ሄኖክን ግን ከዝርዝሩ አላስገባውም። ይሁዳ በመልእክቱ የጠቀሰውን ያንን መጽሐፍ እስከ ዛሬ ሙሉውን ጠብቆ ያቆየልን ግዕዝ ነው።

ሽማግሌው ወስፌያቸውን አስቀምጠው አዳመጡኝ። ከዚያም አዲስ ኪዳን በአዲስ እጥፍ ስለሚጀምር ሁለቱ ከሚልክያስ በኋላ፣ ከማቴዎስ በፊት ቢገቡ እጥፉ እንደማይጎዳ አሳዩኝ። ተስማማን። ቤተ ክርስቲያናችን የምትቀበላቸው 81ዱ መጻሕፍት ተሟልተዋል ማለቴ አይደለም፤ ጦቢት፣ ዮዲት፣ ሲራክና መቃብያን ገና ይቀሩኛል።

ስፌቱ ጠንካራ ነው። መጽሐፉ ሲገለጥ ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቶ ይቀመጣል፤ ቀይ ቆዳው ያምራል፣ የሙጫ ሽታ የለውም። 1,200 ብር ከፈልሁ፤ አልበዛብኝም። አንድ ሳምንት ተብሎ ሦስት ሳምንት መፍጀቱን ይቅር ብያለሁ። ያዘንሁት በሌላ ነው። ገጾቹን ለማስተካከል ጠርዙን ሲቆርጡ እናቴ መዝሙረ ዳዊት ላይ በእርሳስ ከጻፈችው ግማሹ አብሮ ሄደ። ሳሳያቸው እጅግ ደነገጡ፤ ሁለት መቶ ብር ሊመልሱልኝ ቢሉም አልተቀበልሁም፤ ቀድሜ መናገር የነበረብኝ እኔ ነኝ።

የቤተሰብ መጽሐፍ ያላችሁ ያለ ሥጋት ውሰዱላቸው። ኅዳጉ ላይ ጽሑፍ ካለ ግን ጠርዙ እንዳይነካ መጀመሪያውኑ ንገሯቸው። ሰኞ በገበያው ግርግር አይመችም፤ ዓርብ ደግሞ ከጁምዓ በፊት ድረሱ።