ከርሰሩ ጎልቶ እንዲታይ፦ ነፃው ይበቃል ወይስ መክፈል ያስፈልጋል?

ኤክሴል ወይም ፒችትሪ የምታስተምሩበትን ቪዲዮ የሚያየው ሰው ሁሉ ኮምፒውተር ፊት የተቀመጠ እንዳይመስላችሁ። ከስታዲየም ወደ አራት ኪሎ በሚሄድ ታክሲ ውስጥ፣ ስልኩን ቀጥ አድርጎ ይዞ የሚያይ ሞልቷል። የዊንዶውስ ቀስት፣ ማለትም ከርሰሩ፣ 12 ፒክሰል ገደማ ብትሰፋ ነው። 1920 ፒክሰል የሚሰፋው ስክሪን 7 ሴንቲ ሜትር ስልክ ላይ ሲጨመቅ ቀስቷ ግማሽ ሚሊ ሜትር እንኳ አትሞላም። «እዚህ ጋ ክሊክ አድርጉ» ስትሉ ተማሪው የት እንደሆነ አያይም።

ፕሮግራም ከመምረጣችሁ በፊት አንድ ነገር ለዩ። ቀስቷን የሚያጎላው ኢፌክት የሚገባው እየቀዳችሁ ነው ወይስ ቀድታችሁ ከጨረሳችሁ በኋላ? ወጪውንም ድካሙንም የሚወስነው ይኸው ነው።

እየቀዱ ለማስገባት ቀስቷን የሚያደምቀውን ፓወርቶይስንና ስክሪን የሚቀዳውን ኦቢኤስን አንድ ላይ መጠቀም ይቻላል። ሁለቱም ነፃ ናቸው። ፓወርቶይስ የማይክሮሶፍት ነው፤ ዊንዶውስ 10 እና 11 ላይ ይሠራል። የዊንዶውስ፣ የሺፍትና የኤች ቁልፎችን አንድ ላይ ስትጫኑ የማውስ ማድመቂያው ይበራል። ከዚያ በኋላ የግራ ክሊክ ቢጫ፣ የቀኝ ክሊክ ሰማያዊ ክብ ያወጣል። የግራውን ኮንትሮል ቶሎ ቶሎ ሁለቴ ስትነኩ ደግሞ ስክሪኑ ጨልሞ ቀስቷ ያለችበት ቦታ ብቻ ይበራል። ቢጫው በነጭ የኤክሴል ገጽ ላይ ስለሚፈዝ እኔ ወደ ቀይ ብትቀይሩት እላለሁ። ቀለሙን ሳሳ ማድረግም አትርሱ፤ አለበለዚያ ክቡ ከሥሩ ያለውን ቁጥር ይሸፍነዋል።

ኦቢኤስ ላይ ስትሄዱ ሙሉ ስክሪኑን የሚቀዳውን «ዲስፕሌይ ካፕቸር» የሚለውን ምረጡ። «ዊንዶው ካፕቸር» የፕሮግራሙን መስኮት ብቻ ስለሚቀዳ ክቡ ቪዲዮው ላይ አይወጣም። ሰው «አይሠራም» ብሎ የሚተወው እዚህ ጋ ነው። የቪዲዮ ፋይሉን ፎርማት ደግሞ ኤምኬቪ አድርጉት። መብራት ድንገት እልም ቢል እስከዚያ የተቀዳው ይተርፋል፤ ተራ ኤምፒ4 ከሆነ ግን ፋይሉ ጭራሽ ላይከፈት ይችላል። ሲያልቅ እዚያው ኦቢኤስ ውስጥ ወደ ኤምፒ4 ይቀየራል። የዚህ መንገድ ጉዳቱ አንድ ነው፦ ክቡም ቀስቷም ከምስሉ ጋር ተጣብቀው ይቀራሉ። ማውሱ ከተንቀጠቀጠ ወይም ክሊኩ ከተሳሳተ ያንን ቦታ እንደገና መቅዳት ነው።

ስክሪን መቅጃና ቪዲዮ ማስተካከያ የሆነው ካምታሲያ ይህን ችግር ይፈታል። በራሱ መቅጃ ስትቀዱ ቀስቷን ከምስሉ ለይቶ ይይዛታል። ስለዚህ ከቀዳችሁ በኋላ ታገዝፏታላችሁ፣ ክሊኩ ላይ ቀለበት ትጨምራላችሁ፣ ሳታስፈልግ ትደብቋታላችሁ። ነገር ግን በኦቢኤስ የተቀዱ የድሮ ቪዲዮዎችን አድናለሁ ብላችሁ እንዳትገዙት። እነሱ ላይ ያለችውን ቀስት ነጥሎ ማግዘፍም ማንሳትም አይችልም። ክፍያው በየዓመቱ ነው፣ ያውም በዶላር። ውጭ የሚከፍል ካርድ ለሌለው ሰው ትልቁ ፈተና ይኸ ነው። ክራክ የተደረገውን በፍላሽ ተቀብሎ መጫን ግን በፍጹም አልመክርም። የደንበኛ ሒሳብ ያለበት ላፕቶፕ ላይ ቫይረስ ማስገባት ሊሆን ይችላል።

ባንዲካምም እየቀዳ የክሊክ ኢፌክት ይጨምራል። ነፃው ግን ስሙን ቪዲዮው ላይ ይለጥፋል፣ ከ10 ደቂቃ በላይም አይቀዳም። ስክሪን ስቱዲዮ ውብ ነው። ክሊክ ያደረጋችሁበትን ቦታ ራሱ አጉልቶ ያቀርባል፣ የሚንቀጠቀጠውን እጅም ያለሰልሳል። የሚሠራው ማክ ላይ ብቻ ነው፤ ዊንዶውስ ያላችሁ ማስታወቂያው አያጓጓችሁ።

ቴሌግራም ላይ አጫጭር ትምህርት የምትለቁ ከሆነ ፓወርቶይስና ኦቢኤስ ከበቂ በላይ ናቸው፤ ገንዘባችሁን ለጥሩ ማይክ አውሉት። ድርጅት ሙሉ ኮርስ ካዘዛችሁና «እዚህ ጋ አስተካክሉልን» እያለ የሚመልስ ደንበኛ ካላችሁ ግን ካምታሲያን ያዙ፤ የዓመቱንም ክፍያ ዋጋ ስትሰጡ አብራችሁ አስሉት።