ግማሽ የክብሪት እንጨት፦ የቀስቴ ማረፊያ ከ8 ወር በኋላ

እናቴ ጥጥ የምትነድፍበት ደጋን ነበራት። የአውታሩ ድምፅ እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ። ሜሪላንድ ውስጥ ቀስት ገዝቼ የመጀመሪያዋን ፍላጻ ስለቅ ያው ድምፅ መጣ። ከዚያ ወዲያ መተው አልቻልኩም።

ቀስቱ ሳሚክ ሴጅ ነው፤ 62 ኢንች፣ እጀታው እንጨት፣ የኔው የመሳቢያ ጉልበቱ 35 ፓውንድ። ለጀማሪ በጣም ደስ ይላል። ክንዶቹ ስለሚፈቱ ጉልበት ሲጨምር እነሱን ብቻ በከበዱ መቀየር ይቻላል። ዛሬ የምጽፈው ግን ስለ ፍላጻ ማረፊያው ነው።

መጀመሪያ ተለጣፊ የፕላስቲክ ማረፊያ ነበረኝ። አምስት ሳምንት ሠራ። አንድ ብርዳማ ጠዋት ማጣበቂያው ለቀቀና ተገንጥሎ ወደቀ። መልሼ ከምለጥፈው ለምን ከሼልፉ ላይ፣ ማለትም ከእጀታው በላይ ካለው ጠርዝ፣ በቀጥታ አልወረውርም አልኩ። ለዚህ የላባ ፍላጻ ያስፈልጋል። ላባ ሼልፉን ሲነካ ይተኛል፤ የፕላስቲኩ ክንፍ ግን ይመታና ፍላጻውን ያስታል።

ሼልፉ ላይ የቬልክሮ (ተጣብቆ የሚላቀቅ የጨርቅ ማያያዣ) ለስላሳውን ወገን ለጠፍኩ። ጎኑ ላይ ከአሮጌ ቀበቶ የተቆረጠ ቆዳ፣ ሁለት ድርብ። ፍላጻው ግን ሁለት ኢንች ያህል ተኝቶ ይታከክ ነበር። አንዴ እዚህ፣ አንዴ እዚያ ያርፋል። መፍትሔው አንዲት የክብሪት እንጨት ሆነች። ለሁለት ሰበርኳት። ግማሿን ከቬልክሮው ስር ለፍላጻው አግድም አስቀመጥኩ፤ የእጄ መሃል ከሚገባበት የእጀታው ጥልቅ ቦታ ልክ በላይ። ሌላዋን በዚያው መስመር ከቆዳው ስር በቁም። አሁን ፍላጻው የሚነካው ሁለት ጉብታ ብቻ ነው። ቦታው ወሳኝ ነው። እጅ ትንሽ ሲዘነበል ቀስቱ የሚዞረው እዚያው ላይ ስለሆነ ፍላጻው ብዙም አይናወጥም።

ከዚያ ፍላጻዎቹ ለቀስቱ መስማማታቸውን ለማየት ላባ የሌላት ፍላጻ ላባ ካላቸው ጋር ከ20 ያርድ ወረወርኩ። ቀኝ እጅ ነኝ። ላባ የሌላት በአንድ ስንዝር ወደ ግራ ሄደች። ይህ ማለት ፍላጻው ለቀስቱ ደርቆበታል፣ አልለመጥ ብሏል። ፍላጻዎቼ 600 የተጻፈባቸው ናቸው። 28 ኢንች በተራራቁ ድጋፎች ላይ ተጋድመው መሃላቸው ላይ 1.94 ፓውንድ ሲንጠለጠል 0.6 ኢንች ይለመጣሉ ማለት ነው። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ሌላ ፍላጻ ይገዛል። እኔ ከጎኑ ቆዳ አንዱን ድርብ አነሳሁ። ፍላጻው ወደ ቀስቱ መሃል ሲጠጋ እንደለሰለሰ ያህል ይሆናል። ስንዝሩ ወደ ሁለት ጣት ወረደ። ወደ ቀኝ ሄዳ ቢሆን ኖሮ ቆዳ መጨመር ነበረብኝ።

ረጅም ጊዜ የፈጀብኝ ከፍታው ነው። አውታሩ ላይ ፍላጻው የሚሰካበትን የነሐስ ቀለበት ከማረፊያው ግማሽ ኢንች ከፍ አድርጌ ጀመርኩ። ላባ የሌላት ፍላጻ ጭራዋን ወደ ላይ አድርጋ ዒላማው ላይ ተሰካች። ደንቡ ቀለበቱን ዝቅ አድርግ ይላል። ወደ 3/8 አወረድኩት፤ ባሰባት። ሁለት ቅዳሜ እንዲሁ አለቀ። በመጨረሻ ቬልክሮውን ወደ ብርሃን አዙሬ ሳየው ከጉብታው ኋላ፣ ወደ እኔ በኩል፣ ጠባብ የተላጨ ጭረት አለ። ለካ ጭራዋ ሼልፉን እየመታ ነው ወደ ላይ የሚነጥረው! ቀለበቱን ወደ 5/8 ከፍ ሳደርገው ቀጥ ብላ ተሰካች። ስለዚህ እባካችሁ ከላይ ጀምራችሁ በጥቂት በጥቂቱ አውርዱ። አንድ ነገር ብቻ ቀይራችሁም ቢያንስ ስድስት ጊዜ ወርውሩ። ጣታችሁ አለቃቀቁ ገና ካልተስተካከለ ደግሞ ላባ የሌላት ፍላጻ የምትነግራችሁን አትመኑ።

አገልግሎቱን በተመለከተ፣ ቆዳው ምንም አልሆነም። ቬልክሮው ግን በአራተኛው ወር ጉብታው ላይ ተላጨና ቀየርኩት። ዝናብ አይወድም፤ ሲርስ ይከብድና ፍላጻውን ይይዛል። በየቀኑ የምትወረውሩ ከሆነ ቶሎ ያልቃል። ዋጋው ግን ከአንድ ማኪያቶ አይበልጥም። የተቀየረው ከሄደ አራት ወር ሊሞላው ነው፤ መሃሉ መሳሳት ጀምሯል። ቀጣዩን ቆርጬ አዘጋጅቻለሁ። የክብሪቷን ቦታ እንዳልስት ደግሞ እጀታው ላይ በእርሳስ ቀጭን መስመር አስምሬያለሁ።